የአደራው ደብተር፦ ከካዛንቺስ ቤቶች እስከ «ሀብት አስተዳደር»

የአዲስ አበባ ሰፈሮች ስማቸውን የሚወርሱት ወይ ከታቦት ነው፣ ወይ ከመኳንንት ነው፣ አለዚያም መጥቶ ከሄደ ፈረንጅ ነው። ቂርቆስ ከታቦት ወረሰ። ደጃች ውቤ ሰፈር ከመኳንንት ወረሰ። ካዛንቺስ ግን ከፈረንጅ ነው የወረሰችው፤ ያውም ከአንድ መሥሪያ ቤት አህጽሮተ ስም። «ካዜ» በጣሊያንኛ ቤቶች ማለት ነው። «ኢንቺስ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1924 በኢጣሊያ የተቋቋመው የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ብሔራዊ ተቋም ምህጻር ነው። ተቋሙ በወረራው ዘመን ለጣሊያን ሹማምንትና ጸሐፊዎች መኖሪያ አሠራ፤ ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ቤቶቹ ቀሩ። ስሙም በአዲስ አበቤ አፍ ተፈጭቶ ካዛንቺስ ሆኖ ወጣ።

እንግዲህ ከከተማችን እምብርት አንዱ የሚጠራው ለደመወዝተኛ ቤት በሚሠራ ተቋም ስም ነው ማለት ነው። ይህ ነገር ሲገርመን ኖሯል። ምክንያቱም ካዛንቺስንና ቂርቆስን ጨምሮ የመላው አዲስ አበባ ደመወዝተኛ ላለፉት ስድሳ ዓመታት አንድ ጥያቄ ሲጠይቅ ነው የኖረው፦ «ከደመወዜ ቆጥቤ ቤት ባለቤት እሆናለሁ ወይ?» ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል ተብሎ የተቋቋመ ባንክም ነበረን። አባቶቻችን «ቤቶችና ቁጠባ» ይሉት ነበር።

ዛሬ የምንሰማው ቋንቋ ሌላ ነው። ባንክና ባለሙያ ሁሉ «ሀብት አስተዳደር»፣ «ኢንቨስትመንት ባንክ»፣ «ሰነደ መዋዕለ ንዋይ» ይላል። ገንዘባችንን ከማስቀመጥ አልፎ የሚያስተዳድርልን ተቋም እየመጣ ነው እየተባልን ነው። እኛም እሰየው ብለናል። ነገር ግን አዲስ ሎሌ ሲቀጠር የድሮው ምን እንደሠራ መጠየቅ ያባት ነው። የአገራችን ቁጠባ ባንክ ታሪክ የሚነግረን አንድ ቁም ነገር አለ፦ የቆጣቢው ሀብት ሳይተዳደር የቀረበት ዘመን የለም። ጥያቄው ለማን ጥቅም ተዳደረ የሚለው ነው።

ከጓሮ ጉድጓድ እስከ ወረቀት ብር

ባንክ ወደ አገራችን የመጣው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የአቢሲኒያ ባንክ የተቋቋመበት የሃምሳ ዓመት ውል ለግብፅ ብሔራዊ ባንክ ተሰጥቶ ባንኩ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ደንበኞቹ በአመዛኙ ነጋዴዎችና የውጭ ሰዎች ነበሩ። የአገሬው ሰው የማሪያ ትሬዛን ብር ይመዝናል፣ ያንኳኳል፣ ድምፁን ይሰማል፤ ከዚያም ወይ ሣጥን ውስጥ፣ ወይ ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጣል። ወረቀት ግን አይንኳኳም። ባንክ ማለት ብርህን ወስዶ ወረቀት የሚሰጥህ ቤት ነው፤ በዚያ ዘመን ዓይን ሲታይ ይህ ስምምነት ያን ያህል የሚያጓጓ አልነበረም።

ይህን አለማመን «ኋላ ቀርነት» ብለው ያለፉት ብዙ ናቸው። እኛ ግን ቀጥሎ የሆነውን አይተን እንፍረድ እንላለን። በ1923 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ የአቢሲኒያ ባንክን ውል ቀደም ብለው አቋርጠው የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋሙ። አምስት ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን ገባ፤ ባንኩም ተዘጋ። በምትኩ ባንኮ ዲ ሮማ፣ ባንኮ ዲ ናፖሊና ሌሎች የጣሊያን ባንኮች ከሊሬያቸው ጋር መጡ። ጣሊያን ሲወጣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ባርክሌይስ መጣ። በ1935 ዓ.ም. ባርክሌይስ ሲወጣ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተተካ። ቆጥሩልን፦ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አራት ዓይነት ባንክ! በዚህ ሁሉ መሐል ጓሮ የተቀበረው ማሪያ ትሬዛ ያው ማሪያ ትሬዛ ነበር። እናም የቀበረው ሰውዬ ሞኝ ነበር ለማለት ድፍረቱ የለንም።

ሰው ግን በጉድጓድ ብቻ አልኖረም። የራሱ የፋይናንስ ተቋም ነበረው፤ ዕቁብ። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው። ዕጣ የደረሰው ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም ዳኛው የሚያውቀው፣ ቤቱ የሚታወቅ ሰው ነው። ወለድ የለውም፤ ነገር ግን ማን ምን እንደጣለ፣ ማን ምን እንደወሰደ የማያውቅ አባል የለም። ዕድሩም እንዲሁ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሳህኑ፣ ብርድ ልብሱ ተቆጥሮ በመዝገብ ይያዛል፤ የጎደለ ካለ በስብሰባ ይጠየቃል። ሀብት አስተዳደር ማለት የሌላውን ንብረት ለባለቤቱ ጥቅም መያዝና በየጊዜው ሒሳብ ማቅረብ ከሆነ፣ የቂርቆስ ዕድሮች ቃሉ ከመምጣቱ በፊት ሥራውን ያውቁት ነበር።

ሁለቱ የቁጠባ ቤቶች

በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ለሁለት ተከፈለ። የማዕከላዊ ባንክነቱ ሥራ ለብሔራዊ ባንክ፣ የንግዱ ሥራ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሆነ። በዚሁ በ1950ዎቹ ውስጥ ነው የኛ ጉዳይ የሚጀምረው። ሁለት ተቋማት ተመሠረቱ። አንዱ የቁጠባና የቤት ባለቤትነት ማኅበር ነበር፤ ሰው በቁጠባው ዋስትና ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ እንዲበደር የተቋቋመ። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ቁጠባና ሞርጌጅ ኮርፖሬሽን ነበር፤ ቤት ለመሥራት፣ ለማደስና ለማሻሻል ያበድር ነበር፤ የንግድና የኢንዱስትሪ ሕንፃም ሳይቀር።

የኮርፖሬሽኑ የሥራ ዝርዝር ውስጥ አንድ ቃል አለ፤ አሁን ድረስ ይዞን የቀረ። የቁጠባ ተቀማጭን ብቻ ሳይሆን «የአደራ ተቀማጭን» እንዲቀበል ተፈቅዶለት ነበር። አደራ! ዛሬ በእንግሊዝኛ አለብሰው ከሚያመጡልን አገልግሎት አንዱ መሠረቱ ይኸው ነው። ሕጉም ከጎኑ ነበር፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ አንድ ሰው ንብረቱን ለባለአደራ አስረክቦ ለሌላ ሰው ጥቅም እንዲተዳደርለት ማድረግ እንደሚችል ይደነግጋል። ባለአደራው እንዴት መያዝ እንዳለበት፣ ሒሳብ እንዴት እንደሚያቀርብ ሁሉ ተጽፏል። ስለዚህ ይህ ነገር ለአገራችን ትናንት የተወለደ አይደለም።

በሌላውም ዓለም የቁጠባ ባንክ የተነሣው ከአደራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1810 በስኮትላንድ ሩትዌል በምትባል መንደር ሄንሪ ደንካን የሚባል ቄስ ለድሃ ምእመናኑ የቁጠባ ባንክ ከፈተ። ሐሳቡ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1819 ቪየና ላይ የተቋቋመው የቁጠባ ባንክ የዛሬው ኤርስተ ባንክ አባት ነው፤ ዛሬ ያ ባንክ የብዙ አገር ሰዎችን ሀብት የሚያስተዳድር ክንፍ አለው። በብሪታኒያ እነዚህ ባንኮች ስማቸውም «የባለአደራ ቁጠባ ባንክ» ነበር። የሚመሯቸው ባለአደራዎች ከተቀማጩ ላይ ትርፍ እንዳይወስዱ በሕግ ተከልክለው ነበር። ድሃው ባንኩን ያመነው በዚህ ነው።

የኛዎቹ ሁለት ተቋማት ዕድሜ ግን አጭር ሆነ። በዚያ አጭር ዕድሜ የጀመሩት ሥራ ምን እንደነበር በቀላሉ እናስረዳ። ቆጣቢው ገንዘቡን ዛሬ አስቀምጦ ነገ ሊያወጣ ይችላል። ቤት ሠሪው ግን የተበደረውን በአሥርና በሃያ ዓመት ነው የሚከፍለው። ባንኩ በሁለቱ መሐል ቆሞ አጭሩን ገንዘብ ረጅም ያደርገዋል። ይህ የሚሠራው አንድ ነገር ሲኖር ብቻ ነው፤ እሱም ቆጣቢው ነገ በሩ ላይ እንደማይሰለፍ መተማመን ነው። የመተማመኑ ምንጭ ደግሞ ሕግ እንደማይገለበጥ ማወቅ ነው። እዚህ ላይ ነው አብዮቱ የመጣው።

ሐምሌ 19

ከአብዮቱ በፊት የአዲስ አበባ መካከለኛ ቤተሰብ ሀብት ምን ይመስል ነበር? አክሲዮን የነበረው ጥቂት ነው። የቀረው ሀብቱ ቤት ነበር። ሰው መጀመሪያ የሚኖርበትን ይሠራል፤ ቀጥሎ ከጓሮው ሰርቪስ ቤቶች ይደረድራል፤ ሲሳካለት ሌላ ቦታ ሁለተኛ ቤት ያቆማል። የኪራዩ ገቢ ጡረታው ነው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ የባሏ የሞተባት እናት መተዳደሪያ ነው። ከላይ ያሉት ትላልቅ ባለርስቶች ሰፊውን የከተማ መሬት ይዘው ነበር፤ ይህ በደል ነበር፤ ተከራዩም ተማርሮ ነበር። ነገር ግን ከባለርስቱ ጥላ ሥር ከደመወዙ ቆጥቦ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ያከራየ የመንግሥት ጸሐፊም ነበር።

ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮች ተወረሱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን አዋጅ ቁጥር 47/1967 ታወጀ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይበቃዋል ተባለ። ቤት ማከራየት ተከለከለ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። የድሃው ኪራይ ተቀነሰ። ከኪራይ ሌላ ገቢ ለሌለው ሰው የተወሰነ ወርሃዊ ድጎማ ታሰበለት።

ስለዚህ አዋጅ መከራከር በአገራችን የቤተሰብ ጠብ መቀስቀስ ነው። በአንድ ማዕድ ዙሪያ በአዋጁ ቤት ያገኘና በአዋጁ ቤት ያጣ ዘመዳሞች አብረው ይቀመጣሉ። እኛ ሁለቱንም እውነት ነው እንላለን። በካዛንቺስና በቂርቆስ የቀበሌ ቤቶች ውስጥ በጥቂት ብር ኪራይ ስንት ልጅ አድጎ ለወግ ለማዕረግ በቅቷል። በዚያው ልክ ግን ከአዋጁ በኋላ ጓሮውን ማደስ፣ ጣሪያውን መለወጥ የማን ሥራ እንደሆነ ጠፋ። ተከራዩ «የመንግሥት ነው» አለ፤ ቀበሌው «ኪራዩ ቆርቆሮ አይገዛም» አለ። ኪራዩ እንዳለ ቆሞ ዓመታት ሲያልፉ ከአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ በታች ወረደ፤ ጭቃ ግድግዳውም እንዲሁ ወረደ። ባለቤት የሌለው ሀብት አስተዳዳሪም አይኖረውም።

ከሁሉም በላይ ግን አዋጁ ለቆጣቢው አንድ ትምህርት አስተማረ። ሀብት ማለት መንግሥት ነገ «ትርፍ» ሊለው የሚችለው ነገር ነው የሚል። ይህ ትምህርት በአንድ ትውልድ አይረሳም።

ስሙ የተለዋወጠው ባንክ

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1975 ሁለቱ የቁጠባ ተቋማት ተዋህደው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ሆኑ። ስሙን ልብ በሉ። ቤት ቀድሞ ቁጠባ ተከተለ፤ «አደራ» የሚለው ቃል ደግሞ ከነጭራሹ ወጣ። ባንኩ በአገሪቱ ብቸኛው የቤት አበዳሪ ሆነ። ግለሰቦችንና የቤት ሥራ ማኅበራትን አበደረ፤ ማኅበር ላይ የታቀፈ ዝቅ ባለ ወለድ ይበደር ነበር። ዛሬ ጠና ያሉ ሰዎች «የማኅበር ቤት» እያሉ የሚጠሯቸው ብዙ መኖሪያዎች የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ይህን ውለታ መካድ አይቻልም፤ በቁጠባና በብድር ቤት ሠርቶ የገባ አስተማሪና ነርስ አለ።

ሆኖም የባንኩ ትርጉም ተቀይሮ ነበር። ድሮ ቤት ሀብት ነበር፤ ይከራያል፣ ይሸጣል፣ ለልጅ ይተላለፋል፣ ለሌላ ብድር ዋስትና ይሆናል። አሁን ቤት መጠለያ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ባንኩ መጠለያ እንጂ ሀብት ማፍራት አልቻለም። ቆጣቢው አንድ ቤት ከሠራ በኋላ ትርፍ ገንዘቡን የሚያውልበት ሕጋዊ ነገር አልነበረውም። በደብተር ከማስቀመጥ ሌላ ምርጫ አልነበረም፤ የተቀመጠውም ገንዘብ መንግሥት ወዳቀደው ይሄድ ነበር።

ኢሕአዴግ ሲገባ የገበያ ዘመን መጣ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ባንኩ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ። ከስሙ ውስጥ «ቤቶች»ም «ቁጠባ»ም ወጡ። እንደማንኛውም ንግድ ባንክ እንዲሠራ ተለቀቀ፤ ከግል ባንኮች ጋር ተፎካከረ፤ ሕንፃ ሠሪውንም ነጋዴውንም አበደረ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር እንዲዋሃድ ተደረገ። እንዲህ ሆኖ የአገራችን ትልቁ የቤትና የቁጠባ ልዩ ባንክ ከነስሙ ጠፋ። ደብተር የነበራቸው ሰዎች ደብተራቸው የንግድ ባንክ ሆነ። እንደ ዕድሩ ቢሆን ጡሩንባ ተነፍቶ፣ አባል ተጠርቶ፣ «እንዋሃድ ወይስ አንዋሃድ» ተብሎ ይመከር ነበር። የባንኩ ቆጣቢዎች ግን አባል አልነበሩም፤ ደንበኞች ነበሩ።

ዕጣና ደብተር

ባንኩ ቢጠፋም ጥያቄው አልጠፋም። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ሲጀመር በ1997 ዓ.ም. ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. ሁለተኛው ምዝገባ ሲደረግ ሥርዓቱ ከቁጠባ ጋር ተሳሰረ። 20/80፣ 40/60 የሚሉ ክፍልፋዮች የከተማው ሰው የዕለት ንግግር ሆኑ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ ከፍተህ ትቆጥባለህ፤ ድርሻህን ስታሟላ ዕጣ ይወጣልሃል፤ የቀረውን በብድር ትከፍላለህ። አሠራሩን ላስተዋለ ሰው ይህ ዕቁብ ነው፤ ልዩነቱ ዳኛውን ማንም አያውቀውም፣ ዕጣው መቼ እንደሚወጣም ማንም አይናገርም።

የመጀመሪያው ትልቅ የ40/60 ዕጣ የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ከ20/80ው ጋር 51,229 ቤቶች። የቤቱን ዋጋ መቶ በመቶ ቆጥበው የነበሩ ሰዎች «ውላችን ቅድሚያ ይሰጠናል» ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። በሐምሌ 2014 ደግሞ የ25,791 ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ ወዲያው የተመዝጋቢዎቹ መረጃ ተጭበርብሯል ተብሎ ተሰረዘ። በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ዕጣ ሲወጣ እልል ያለ፣ ሲሰረዝ ያለቀሰ፣ ሲደገም ደግሞ ሳይወጣለት የቀረ ሰው ነበር ማለት ነው። በዕቁብ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ቢከሰት ዳኛው ሰፈሩን ለቅቆ ይሄድ ነበር።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ እንሁን። በዚህ ፕሮግራም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቤት ገብተዋል፤ በአፍሪካ ይህን ያህል የሠራ መንግሥት ብዙ የለም። የኛ ነጥብ ሌላ ነው። ቆጣቢው ለዓመታት በየወሩ ያስቀመጠው ገንዘብ ባንክ ውስጥ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ሠርቷል። ግን ለቆጣቢው ነው የሠራው?

ደብተሩ ላይ የማይጻፈው ሒሳብ

እስኪ አብረን እናስላ። ብሔራዊ ባንክ የሚወስነው ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በ1999 ዓ.ም. ማብቂያ 4 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ 7 በመቶ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ክረምት የዋጋ ንረቱ ከ50 በመቶ በላይ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ከ30 በመቶ በላይ ነበር።

አንድ የካዛንቺስ ዕድር 10,000 ብር በደብተር ለአንድ ዓመት አስቀመጠ እንበል። በ7 በመቶ 700 ብር ይወለዳል፤ ከወለዱ 5 በመቶ ግብር ሲነሣ 665 ብር ይቀራል። ደብተሩ ላይ 10,665 ተጽፏል፤ ሰብሳቢው ለአባላቱ «ገንዘባችን አድጓል» ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። ዋጋ ግን በ30 በመቶ ከጨመረ ያ ገንዘብ የሚገዛው ድሮ 8,200 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ከአምስት ድንኳን አንዱ ጠፋ ማለት ነው። ማንም አልሰረቀም፤ ጸሐፊው አልተሳሳተም፤ ግን ጠፋ።

የጠፋው ወዴት ሄደ? ወደ ተበዳሪው። በርካሽ ተቀማጭ ርካሽ ብድር ይሰጣል፤ የዚያ ብድር ትልቁ ተጠቃሚ ደግሞ መንግሥትና የመንግሥት ድርጅቶች ነበሩ። ንግድ ባንክ ለባቡሩ፣ ለስኳሩ፣ ለኃይል ማመንጫው አበደረ። የግል ባንኮች ደግሞ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚሆን ገንዘብ በ3 በመቶ ወለድ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ተገድደው ነበር፤ መመሪያው የተነሣው በ2012 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የቂርቆስ ጡረተኛ ሳያውቀው የስኳር ፋብሪካ ባለሀብት ነበር፤ ትርፍ የማይደርሰው፣ ኪሳራው ግን በዋጋ ንረት በኩል ቤቱ ድረስ የሚመጣለት ባለሀብት።

ዕዳ ቀድሞ ሀብት ተከተለ

«ሀብት አስተዳደር» የሚለው ቃል በአገራችን መንግሥታዊ ተቋም ስም ላይ ጎልቶ የታየው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ሲቋቋም ነው። ሥራው የመንግሥት ድርጅቶች መክፈል ያቃታቸውን ዕዳ ተረክቦ ማስተዳደር ነበር፤ ዕዳው ከ500 ቢሊዮን ብር የሚልቅ ሲሆን አብዛኛው የንግድ ባንክ ነበር። በስሙ ላይ ዕዳ ቀድሞ ሀብት ተከተለ፤ እውነቱም እንደዚያው ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ንግድ ባንክን ለመደገፍ 900 ቢሊዮን ብር የሚያህል የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ አጸደቀ። የቆጣቢው ገንዘብ በዚህ ዳነ። ከፋዩ ግን ግብር ከፋዩ ነው፤ ማለትም ያው ቆጣቢው።

ከዚህ በኋላ አዲሱ ምዕራፍ ተከፈተ። በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ተቋቁሞ ንግድ ባንክን ጨምሮ ትላልቅ የመንግሥት ድርጅቶችን በሥሩ አደረገ። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተመሠረተ። በ2017 ዓ.ም. ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል የመጀመሪያዎቹ ኢንቨስትመንት ባንኮች ሆነው ፈቃድ አገኙ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተመረቀ። በኮርፖሬሽኑ የተረሳው የአደራ ተቀማጭ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ ልብስ ተመለሰ እንበል።

ሕዝቡስ? የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር፣ ለሕዝብ ቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገደማ ነው፤ የገዛው ሰው ደግሞ ከ47 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ። ባለሙያዎች «የግንዛቤ እጥረት» አሉ። እኛ ደግሞ የማስታወስ ብዛት ነው እንላለን። ሐምሌ 19ን ያየ ቤተሰብ፣ ዕጣው ሲሰረዝ ያየ ቤተሰብ፣ ብሩ በደብተር ላይ ሲቀልጥ ያየ ቤተሰብ አዲስ ወረቀት ሲቀርብለት አገላብጦ ማየቱ አይገርምም። ያ ሰውዬ ማሪያ ትሬዛውን ያንኳኳ እንደነበረው ሁሉ የልጅ ልጁም ያንኳኳል።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

ሀብት አስተዳደርን አንቃወምም። እንዲያውም ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለዕድሩ፣ ለጡረተኛዋና ለደመወዝተኛው ነው። ሀብታም ሰው ሕንፃ ገዝቶ፣ ዶላር ይዞ፣ ዕቃ አከማችቶ ከዋጋ ንረት ያመልጣል። ድሃው ነው በደብተር ላይ ተቸንክሮ የሚቀር። በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ባንክ ቢወድቅ አነስተኛውን ቆጣቢ ይጠብቀዋል፤ ከዋጋ ንረት ግን የሚጠብቀው መድን የለም። የሚጠብቀው ገንዘቡን በተገቢው ቦታ ማዋል ብቻ ነው።

ስለዚህ ማንም ተቋም መጥቶ «ሀብታችሁን ላስተዳድር» ሲለን ዕድሩ የሚጠይቃቸውን ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቅ። አንደኛ፣ ንብረቱ የተመዘገበው በማን ስም ነው? ተቋሙ ቢወድቅ፣ ቢዋሃድ፣ ስሙ ቢቀየር ንብረቱ ለብቻው ተለይቶ ይቆማል ወይስ አብሮ ይሄዳል? ሁለተኛ፣ ትርፉም ኪሳራውም ለማን ነው፤ አስተዳዳሪውስ ስንት ይወስዳል? ሦስተኛ፣ ሒሳቡን ማን ያያል? በዓመት አንድ ጊዜ ሁሉም አባል ተሰብስቦ «ይህ ለምን ጎደለ?» ማለት ይችላል ወይ?

ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ተቋም ሕንፃው ምንም ያህል ቢረዝም ከጓሮ ጉድጓድ አይሻልም። ጉድጓድ ቢያንስ ዕዳ አያመጣም።

ካዛንቺስ ራሷ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ፈርሳ እየተሠራች ነው። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ገላን ጉራ ድረስ ሄደዋል። የቀበሌ ቤቶቹ የሉም፤ ዕድሮቹ ተበትነዋል ወይም አባሎቻቸውን በታክሲ እያስጠሩ ነው። የፈረሰው ቦታ ላይ የሚቆሙት ሕንፃዎች ውስጥ ባንክ እንደማይጠፋ አንጠራጠርም፤ በመስኮቱም ላይ «ሀብትዎን እናስተዳድራለን» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍ ይሆናል። ያን ጊዜ ከገላን ጉራ ተሳፍራ የዕድሩን ገንዘብ ይዛ የምትመጣ ገንዘብ ያዥ ትኖራለች። መስኮቱ ጋ ደርሳ መጀመሪያ የምትጠይቀው ወለዱ ስንት እንደሆነ ባይሆን ደስ ይለናል። «አደራውን የሚቀበለኝ ማን ነው? ሒሳቡንስ ለማን ያቀርባል?» ብላ ትጀምር።